ቁልፍ ወይስ ፎርማት? የዊንዶውስን እትም ማሳደግና ስርዓተ ክወናን እንደ አዲስ መጫን

አንድ ኮምፒውተር ከዊንዶውስ ሆም ወደ ዊንዶውስ ፕሮ ሲሸጋገር በዲስኩ ላይ የሚለወጠው ነገር ባለቤቱ ከሚገምተው በእጅጉ ያነሰ ነው። ዊንዶውስ የማይክሮሶፍት ኩባንያ ስርዓተ ክወና፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አካላት የሚያስተዳድርና ሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ የሚንተራሱበት መሠረታዊ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ዊንዶውስ 7፣ ዊንዶውስ 10 እና ዊንዶውስ 11 በየጊዜው ከወጡ ስሪቶቹ መካከል ናቸው። እያንዳንዱ ስሪት ደግሞ ለቤት፣ ለድርጅት ወይም ለትምህርት ተቋም ተብሎ በተለያየ ዋጋና አቅም በሚቀርቡ እትሞች ይከፋፈላል። ስለዚህ ከ10 ወደ 11 መሻገር የስሪት ለውጥ ነው፤ ከሆም ወደ ፕሮ መሻገር ግን በዚያው ስሪት ውስጥ የእትም ለውጥ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ደግሞ ብዙ አላስፈላጊ ሥራና ብዙ የጠፋ ፋይል አስከትሏል።

የዊንዶውስ 10ም ሆነ የዊንዶውስ 11 ሆምና ፕሮ እትሞች የሚጫኑት ከአንድ የመጫኛ ፋይል ነው፤ ፕሮን ከሆም የሚለዩት አገልግሎቶች አብዛኛው መሠረታቸው በሆም ኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ ስላለ፣ የሆም ባለቤት ተሠርቶ ባለቀ፣ ጥቂት ክፍሎቹ ብቻ በተቆለፉበት ቤት ውስጥ እንደሚኖር ሰው ነው። ባለ 25 ሆሄ የምርት ቁልፍ በቅንብሮች ውስጥ አክቲቬሽን በሚለው ገጽ ላይ ሲገባ ስርዓቱ እትሙን ይለውጥና አንድ ጊዜ ጠፍቶ ይነሣል፤ ሲነሣም ፕሮግራሞቹ፣ ፎቶዎቹ፣ የዋይፋይ ይለፍ ቃሎቹ፣ የገበታው ምስል ጭምር እንደነበሩ ይገኛሉ። ሥራው ባብዛኛው በደቂቃዎች የሚያልቅ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያ ተጠቃሚ ከዚህ የማያንሰው ጥቅሙ ደግሞ የመጫኛውን አምስትና ስድስት ጊጋባይት በሞባይል ዳታ ማውረድ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። በምላሹ የሚገኙት የፕሮ አገልግሎቶች ለሁሉም ሰው አያስፈልጉም፤ ከእነዚህ ውስጥ ለነጋዴ ትርጉም ያለው ሪሞት ዴስክቶፕ ነው፤ ይህም በሱቅ ያለውን ኮምፒውተር ከቤት ወይም ከመጋዘን ሆኖ ለመክፈት የሚያስችል ሲሆን፣ የሆም ኮምፒውተር ወደ ሌላው መግባት ቢችልም ሌላው ወደ እርሱ እንዲገባ ግን አያስተናግድም።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ከሆም ወደ ፕሮፌሽናል ለመሻገር የፕሮፌሽናሉን ሲዲ አስገብቶ መጫኛውን ከነባሩ ላይ ማስኬድ ያስፈልግ ነበር፤ ሥራው ረጅም ነበር፤ መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከሁለቱም ሳይሆን ሊቀር ይችል ነበር። ቁልፍ በማስገባት ብቻ እትም የማሳደጉ አሠራር በሰፊው የተለመደው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 ከወጣው ዊንዶውስ 7 ጋር ሲሆን፣ ሙያቸውን በኤክስፒ ላይ የተማሩ በርካታ ባለሙያዎች ግን ከዚያ በኋላም በለመዱት መንገድ ቀጥለዋል።

ሁለተኛው መንገድ እንደ አዲስ መጫን ነው፤ በገበያው ቋንቋ “ፎርማት ማድረግ” ይባላል። በዚህ አሠራር ኮምፒውተሩ ከፍላሽ ይነሣል፤ ነባሩ ስርዓተ ክወና ያለበት የዲስክ ክፍል ይጠረጋል፤ በላዩም ምንም ትውስታ የሌለው አዲስ ዊንዶውስ ይቀመጣል። ፎርማት እትም፣ ስሪት፣ ቅንብር፣ ፕሮግራም፣ ቫይረስ ሳይል ሁሉንም በአንድነት የሚያስወግድ በመሆኑ ለማንኛውም ችግር መልስ ይመስላል፤ በመርካቶም እንደዚያ ሆኖ ኖሯል።

መርካቶ ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ፣ የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገበት ወቅት የተመሠረተ ሲሆን፣ ሶማሌ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ዱባይ ተራ እየተባለ በሚጠራው አከፋፈሉ ዕቃ ከነጥገናው በአንድ አካባቢ የሚገኝበት ገበያ ነው። ኮምፒውተርም ወደዚህ ሥርዓት የገባው እንደማንኛውም ዕቃ ነው፤ ሻጩ ሸጦ ብቻ አይለያይም፤ ዊንዶውስ ይጭናል፣ ኦፊስ ይጭናል፣ አማርኛ መጻፊያ ይጭናል፣ ሲበላሽም ያው ሱቅ ወይም ጎረቤቱ ይጠግናል። በዚህ አሠራር ውስጥ የባለሙያው ገቢ የሚመጣው በቁጥር ከሚያስረክባቸው ኮምፒውተሮች እንጂ አንዱን ለመመርመር ከሚያጠፋው ሰዓት አይደለም፤ ምርመራ መጨረሻው አይታወቅም፣ ፎርማት ግን መቼ እንደሚያልቅ ይታወቃል። ይህን እንደ ድንቁርና መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ኤክስፒ በነገሠባቸው ዓመታት ቫይረስ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዛመት ነበር፤ ኢንተርኔት ቀርፋፋና ውድ ስለነበረ ጸረ ቫይረስን ማደስ አስቸጋሪ ነበር፤ በዚያ ሁኔታ ፎርማት ከሁሉ የሚሻለው ምክንያታዊ ምርጫ ነበር። ቅር የሚያሰኘው ሁኔታው ከተለወጠ በኋላ ልማዱ ሳይለወጥ መቆየቱ ነው፤ በቁልፍ ብቻ የሚፈታ የፈቃድ ጥያቄ ይዞ የመጣ ደንበኛ ዛሬም ዲስኩ ተጠርጎ ይመለሳል።

የጠረጋው ጉዳት የሚጀምረው ከዲስኩ አከፋፈል ነው። ባለሙያዎች ዲስኩን ሲ እና ዲ ብለው ለሁለት የመክፈል ልማድ አላቸው፤ ዊንዶውስና ፕሮግራሞች ሲ ላይ ይሆናሉ፣ የባለቤቱ ፋይል ዲ ላይ እንዲቀመጥ ይመከራል፤ ፎርማት ሲደረግም “ዲ ላይ ያለው አይነካም” የሚል ማረጋገጫ ይሰጣል። ማረጋገጫው እውነት ነው፤ ችግሩ አብዛኛው ሰው ፋይሉን የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይና ማይ ዶክመንትስ ውስጥ መሆኑ፣ እነዚህ ሁለቱም ደግሞ በቅንብር ካልተዛወሩ በቀር የሚገኙት ሲ ላይ መሆናቸው ነው። ከፎቶና ከደብዳቤ የባሰ ኪሳራ የሚደርሰው በሒሳብ መዝገብ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የግል ድርጅቶች ዘንድ ለረጅም ጊዜ በስፋት ያገለገለው የሒሳብ ሶፍትዌር ፒችትሪ፣ የድርጅቱን መዝገብ የሚያስቀምጠው እንደ ዎርድ ወይም ኤክሴል በአንድ የሚታይ ፋይል ሳይሆን በራሱ ማህደር ውስጥ፣ በርካታ ትንንሽ ፋይሎችን ባቀፈ ዳታቤዝ ሲሆን፣ ቦታው አስቀድሞ ካልተለወጠ እርሱም ሲ ላይ ነው። ባለሙያው ከፎርማት በፊት “ፋይሎቹን” ወደ ዲ ሲገለብጥ ሰነዶቹን፣ ፎቶዎቹንና ቪዲዮዎቹን ይወስዳል፤ የዓመቱ ሽያጭና ዕዳ የተመዘገበበት ማህደር ግን ከፕሮግራሙ ጋር ተቆጥሮ ይቀራል፤ ፒችትሪ እንደገና ተጭኖ ሲከፈትም የሚቀበለው ባዶ መዝገብ ነው። መድኃኒቱ ከራሱ ከፒችትሪ ውስጥ ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ አውጥቶ ከኮምፒውተሩ ውጭ ማኖር ነው። እትሙ በቁልፍ ቢያድግ ኖሮ ግን መዝገቡ ከቦታው ባልተነቃነቀ ነበር።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ዋጋ አለ። ዩኒኮድ፣ ማለትም እያንዳንዱ የዓለም ፊደል አንድ ቋሚ ቁጥር የሚያገኝበት ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ስሪቱ ነው። ከዚያ በፊት፣ በተግባርም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በመሥሪያ ቤቶችና በጽሕፈት አገልግሎት ሱቆች የተጻፉ ሰነዶች የግዕዝን ፊደላት በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ በሚያስቀምጡ፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች የተዘጋጁ ነበሩ። አንድ የላቲን ፎንት የነበረው 256 ቦታ ከ300 በላይ የሆኑትን የግዕዝ ምልክቶች ስለማይበቃው ፊደላቱ በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ይከፋፈሉ ነበር፤ ስለዚህ ሰነዱ በትክክል የሚነበበው እነዚያው ፎንቶች በዊንዶውስ የፎንት ማህደር ውስጥ እስካሉ ድረስ ብቻ ነው። ፎርማት ማህደሩን ከነፎንቶቹ ያጠፋዋል፤ የአሥር ዓመት የዕድር መዝገብ ወይም የኪራይ ውል ሲከፈትም ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ድርድር ሆኖ ይታያል። ብዙ ባለቤቶች በዚህ ጊዜ ፋይሉ በቫይረስ ተበላሽቷል ብለው ይጥሉታል፤ በእርግጥ ግን ፋይሉ ጤነኛ ነው፣ የጎደለው ፎንቱ ብቻ ስለሆነ ሶፍትዌሩ እንደገና ሲጫን ጽሑፉ ይመለሳል።

በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ እንኳ መልኩ ሊለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣውና በኢትዮጵያ ብቻ ከሚገኘው የደጋ አጋዘን የእንግሊዝኛ መጠሪያ ስሙን የወሰደው ኒያላ ፎንት፣ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ አማርኛን ለመረጠ ብቻ የሚታከል አማራጭ ሆኗል። እንደ አዲስ በተጫነ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ብቻ በሆነ ኮምፒውተር ላይ በኒያላ የተዘጋጀ ደብዳቤ ሲከፈት ዊንዶውስ ኤብሪማ የተባለውን ፎንት ይተካበታል፤ የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ በአንድ ገጽ ያልቅ የነበረው ደብዳቤ ፊርማውን ይዞ ወደ ሁለተኛ ገጽ ሊሻገር ይችላል። የጽሕፈት ሱቅ ላለው ሰው ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም።

ወደ ፈቃዱ ስንመለስ፣ በመርካቶ የሚሸጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ባለቤቶቻቸው የማያውቁት ሀብት አላቸው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ አምራቾች ከማሽኑ ጋር የተሸጠውን የምርት ቁልፍ በማዘርቦርዱ ላይ ባለው መሠረታዊ ሶፍትዌር ውስጥ ይጽፉታል፤ ቀድሞ በላፕቶፑ ሆድ ላይ ወይም ከባትሪው ሥር ይለጠፍ የነበረው ወረቀት የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ለድርጅት ሥራ ታስበው የሚመረቱት የኤችፒ ኤሊትቡክ፣ የዴል ላቲቲዩድና የሌኖቮ ቲንክፓድ ዓይነቶች ዘወትር የሚታጠቁት የፕሮ ፈቃድ ነው፤ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግለው ወደ አዲስ አበባ የሚገቡትም በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው። እንዲህ ባለው ማሽን ላይ ተመሳሳይ እትም እንደ አዲስ ሲጫን መጫኛው ቁልፉን ከማዘርቦርዱ ራሱ ያነብባል፣ ኢንተርኔት ሲያገኝም ያለማንም እገዛ ሕጋዊነቱ ይረጋገጣል። ይሁን እንጂ ይህን ሳያጣራ፣ በልማድ ብቻ፣ ሕጋዊ ፈቃድ ባለው ማሽን ላይ ክራክ፣ ማለትም ፈቃድ ያለ የሚያስመስል ፕሮግራም የሚጭን ባለሙያ አይጠፋም፤ ይህም ባለቤቱ የከፈለበትን ጥሎ የተሰረቀውን እንዲጠቀም ማድረግ ነው።

ፈቃዱ ከማዘርቦርድ ጋር መጣበቁ ሌላም ውጤት አለው። ያረጀ ዕቃ ተፈታትቶ ለዳግም አገልግሎት ከሚቀርብበት ከምናለሽ ተራ የመጣ ማዘርቦርድ በላፕቶፕ ላይ ሲተካ፣ የድሮው ፈቃድ ከተቃጠለው ቦርድ ጋር ይቀራል፤ አዲሱ ቦርድ ደግሞ የራሱን ቁልፍ ይዞ ይመጣል። የፕሮ ማሽን የነበረው ላፕቶፕ የሆም ቁልፍ ያለበት ቦርድ ሊደርሰው ይችላል፤ ሲፎርማትም መጫኛው እትም ሳይጠይቅ ሆምን ይጭናል። ባለቤቱም ባለሙያውም ፍላሹን ይጠረጥራሉ፤ ጥፋቱ ግን የፍላሹ አይደለም።

ክራክ የሚባሉት ፕሮግራሞች የሚሠሩበትን መንገድ ማወቅ ሁለቱን መንገዶች ለመምረጥ ይረዳል። ማይክሮሶፍት ብዙ ኮምፒውተር ላላቸው ድርጅቶች ኬኤምኤስ የተባለ አሠራር አለው፤ በድርጅቱ ውስጥ ያለ አንድ ሰርቨር ለሌሎቹ ፈቃድ ያድላል፣ ፈቃዱም ለ180 ቀናት ብቻ ስለሚጸና በየጊዜው ይታደሳል። የመርካቶው ፍላሽ ላይ ያለው ክራክ ይህን ሰርቨር በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ ይፈጥራል፣ ከጀርባ እየተነሣ ያድሰዋል፤ ለዚህም የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስ እንዲዘጋ ይጠይቃል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ጥበቃው በባለቤቱ እጅ ከተዘጋ በኋላ ምን እንደገባ የሚያይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሬድ ካናሪ የተባለው የአሜሪካ የደህንነት ኩባንያ ኬኤምኤስፒኮ በሚባለው ዝነኛ ክራክ ስም የተሠራ ሐሰተኛ መጫኛ የይለፍ ቃልና የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ የሚሰርቅ ሶፍትዌር ሲያሰራጭ ማግኘቱን ይፋ አድርጓል። እንዲህ ባለው ኮምፒውተር ላይ እውነተኛ የፕሮ ቁልፍ ማስገባት ፈቃዱን ሕጋዊ ያደርገዋል እንጂ ከጀርባ የተቀመጠውን አያስወጣም፤ እትም ማሳደግ በነባሩ ላይ የሚሠራ በመሆኑ ክፉውንም ደጉንም አብሮ ያሻግራል።

ፎርማት ትክክለኛ ምርጫ የሚሆነውም በዚህ ጊዜ ነው። ክራክ ወይም ቫይረስ የቆየበት ማሽን፣ ከማይታወቅ እጅ የተገዛ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ከባለ 32 ቢት ወደ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ መሻገር ያለበት ኮምፒውተር፣ ከፕሮ ወደ ሆም መውረድ የሚፈልግ ሰው፣ እነዚህ ሁሉ በቁልፍ አይስተናገዱም። ነገር ግን ለቫይረስ ሲባል ሲ ብቻ ጠርጎ ዲን እንዳለ መተው ግማሽ ሥራ ነው፤ ፋይሎችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው የታወቀው የፍላሽ ቫይረስ ዲ ላይም ስለሚኖር፣ ባለቤቱ ዲን ከፍቶ አንዱን ሾርትከት በተጫነ ቅጽበት አዲሱ ዊንዶውስ እንደ አሮጌው ይሆናል። በስሕተት ለተጠረገ ፋይል ደግሞ አንድ ጠባብ በር አለ፤ ባለሙያው ክፍሉን ፎርማት ሳያደርግ በነባሩ ላይ ከጫነ፣ ዊንዶውስ አሮጌውን ሁሉ “ዊንዶውስ ኦልድ” በተባለ ማህደር ውስጥ ያኖረዋል፤ ማህደሩ ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ በራሱ ሊሰረዝ ስለሚችል መቸኮል ያስፈልጋል።

“ዲ አይነካም” የሚለውን ማረጋገጫ ያፈረሰ አዲስ ነገርም ተከስቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በወጣው የዊንዶውስ 11 ዕድሳት፣ በ24ኤች2፣ እንደ አዲስ የተጫነ ኮምፒውተር በማይክሮሶፍት አካውንት ከተከፈተ ሆምም ቢሆን የዲስክ ምስጠራን በራሱ ያበራል፤ በዕድሳት ብቻ ወደዚህ ስሪት የደረሰ ኮምፒውተር ግን ይህ አይደርስበትም። ምስጠራ ማለት በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ያለ ምስጢራዊ ቁልፍ ወደማይነበብ መልክ መለወጡ ሲሆን፣ ሲን ብቻ ሳይሆን ዲንም ያጠቃልላል። እንዲህ ባለው ኮምፒውተር ላይ በሌላ ጊዜ ሲ ብቻ ቢጠረግ፣ ዲ በቦታው እያለ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ የሚገኘው ደግሞ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ በተከፈተበት አካውንት ውስጥ ነው። አካውንቱን ሱቁ በራሱ ስልክ ከፍቶት ከሆነ ባለቤቱ የራሱን ፋይል ለማግኘት የሻጩ ጥገኛ ይሆናል።

ሕጋዊው ቁልፍ ለምን ብርቅ ሆነ የሚለው ጥያቄ መልሱ በከፊል የምንዛሪ ነው። ማይክሮሶፍት ከሆም ወደ ፕሮ ለማሳደግ በራሱ መደብር የሚጠይቀው 99 ዶላር ሲሆን፣ ይህ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 5,700 ብር ገደማ የነበረው፣ ዶላር ከ120 ብር ባለፈባቸው ተከታዮቹ ወራት ወደ 12,000 ብር ተጠግቷል። ብሩ ቢኖር እንኳ በብር ካርድ ከውጭ መደብር መግዛት ለአብዛኛው ሰው አይቻልም ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ቢያስቀምጥም፣ የሚከፈልበት መንገድ ሳይመቻች በአዋጅ ብቻ የሚለወጥ ገበያ የለም። በማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈው ቁልፍ የሚወደደውም ለዚህ ነው፤ ዋጋው በውጭ አገር፣ በመጀመሪያው ገዢ ተከፍሏል።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ሲያበቃ ደግሞ የእትም ጥያቄ ከስሪት ጥያቄ ጋር ተገናኝቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕና ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቂቶች ልዩ ሁኔታ በቀር ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ይፈልጋል፤ በገበያው ያሉ የስድስተኛና የሰባተኛ ትውልድ ላፕቶፖች ይህን አያሟሉም። የመመዘኛውን ፍተሻ እንዲዘልል በተዘጋጀ ፍላሽ አማካይነት በእነዚህ ላይ ዊንዶውስ 11ን እንደ አዲስ መጫን ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት ግን ዕድሳት እንዲደርሳቸው ዋስትና አይሰጥም። ወደ ሊኑክስ መሻገር በነፃ የሚገኝ ሌላ አማራጭ ቢሆንም ለዊንዶውስ የተሠራው ፒችትሪ በላዩ በቀጥታ ስለማይሠራ ለሒሳብ ክፍል አይበጅም። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 13 ቀን 2026 ያራዘመው የደህንነት ዕድሳት የዊንዶውስ 10 የመጨረሻውን 22ኤች2 ስሪት ለያዙ፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ለሚመዘገቡ ኮምፒውተሮች ሲሆን፣ ለሆምም ለፕሮም እኩል ክፍት ነው። ስለዚህ የሰባተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ያለው ነጋዴ ዕድሳቱን ለማግኘት ብሎ የፕሮ ቁልፍ መግዛት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው በጀምር ማውጫው ላይ “ዊንቨር” የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ የያዘውን ስሪት ማየትና 22ኤች2 ካልሆነ ፎርማት ሳያስደርግ ማሳደስ ነው።